ሃይ ሬዞሉሽን ሙዚቃ በእውነት ከሲዲ ይሻላል? በገዛ ጆሯችሁ ቤታችሁ የምትፈትኑበት መመሪያ

ሥራዬ ካሴትና ሲዲ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ዕቃውን ይዞ የሚመጣ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቀኝ አይሄድም፦ «ሃይ ሬዞሉሽን ከሲዲ ይበልጣል አይደል?» ብዙዎቹ ሁለቱንም አዳምጠው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ እንደተሰማቸው ይነግሩኛል። አምናቸዋለሁ፤ ልዩነት ሰምተዋል። የሰሙት ግን የፎርማቱን ልዩነት ላይሆን ይችላል። አንዱ ፋይል በትንሹ ጮክ ብሎ ተቀርጾ ይሆናል፤ ወይም የሁለቱ ማስተር (ለሽያጭ የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) የተለያየ ነው፤ ወይም የቱ ውድ እንደሆነ እያወቁ ነው ያዳመጡት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ አስወግደው ፎርማቱን ብቻ ያስቀሩላችኋል። አንድ ምሽት ይበቃል።

መጀመሪያ ምን ከምን ጋር እንደምናወዳድር እንወቅ። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፋል። በብዛት የሚሸጠው ሃይ ሬዞሉሽን ፋይል ደግሞ በሰከንድ 96,000 ጊዜ ይለካል፤ በ24 ቢት ይጽፋል። የመጀመሪያው ቁጥር ምን ያህል ቀጭን ድምፅ መያዝ እንደሚቻል ይወስናል፦ ጣሪያው የቁጥሩ ግማሽ ነው። ስለዚህ ሲዲ እስከ 22,050 ኸርዝ (በሰከንድ ይህን ያህል ንዝረት)፣ ሃይ ሬዞሉሽኑ እስከ 48,000 ኸርዝ ይደርሳል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በዕድሜ ይህ ይወርዳል። ቢቱ ደግሞ በጣም ከሚጮኸው ድምፅ እስከ ሽሽታው (ከሙዚቃው ሥር ያለው «ሽሽ» የሚል ድምፅ) ወለል ድረስ ያለውን ርቀት ይወስናል፦ በ16 ቢት 96 ዴሲቤል ገደማ፣ በ24 ቢት በወረቀት ላይ 144 ዴሲቤል። የምንፈትነው ይህ ትርፍ ስፋት እናንተ ጆሮ ውስጥ መድረስ አለመድረሱን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር። ማክ ላላችሁ ወይም የመፈተኛውን ፕሮግራም (ፉባርን) መጫን ለማትፈልጉ ከታች ሌላ መንገድ አለ።
- በገመድ የሚሠራ፣ ድምፁን የለመዳችሁት ሄድፎን። በብሉቱዝ የሚሠራው አይሆንም፤ ብሉቱዝ ድምፁን በመንገድ ላይ ስለሚጨምቀው ሁለቱም ፋይሎች ጆሯችሁ ጋ የሚደርሱት ተቀንሰው ነው።
- 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 96,000 ልኬት) የሚቀበል ዳክ፣ ማለትም ዲጂታሉን ፋይል ወደሚሰማ ድምፅ የሚቀይር ዕቃ፣ ወይም የኮምፒውተሩ የራሱ የድምፅ ካርድ።
- ኦዳሲቲ (ድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) እና ፉባር2000 (ማጫወቻ)፣ ሁለቱም ነፃ። ለፉባር «ኤቢኤክስ ኮምፓራተር» የሚባለውን ተጨማሪ ክፍል አብራችሁ ጫኑ።
- በፍላክ ፎርማት (ፋይሉን ያሳንሳል፣ ከድምፁ ግን ምንም አይቀንስም) የተገዛ፣ 24 ቢት 96 ኪሎኸርዝ የሆነ አንድ ዘፈን።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ጸጥ ያለ ሰዓት። የጎረቤት ጄኔሬተር እያጓራ ይህን አትሞክሩ።

የዘፈኑ ምርጫ ወሳኝ ነው። በቀጭን ድምፅ የበለጸገ ይሁን፦ ሲምባል፣ ጸናጽል፣ ጭብጨባ፣ የክራር ክር ገና በጥፍር ሲነካ የሚሰጠው ስለታም ጫፍ። ደግሞም መሣሪያው ተመትቶ ድምፁ ቀስ እያለ የሚጠፋበት ቦታ ይኑረው። በአሮጌ ካሴት ተቀርጾ የነበረን ዘፈን ለዚህ አትጠቀሙ፤ ከመነሻው የሌለውን ነገር ፎርማቱ ሊያሳያችሁ አይችልም።

ደረጃዎቹ

1. ፋይሉ እውነተኛ ሃይ ሬዞሉሽን መሆኑን አረጋግጡ። በኦዳሲቲ ክፈቱት፤ ሞቅ ካለው ክፍል 30 ሰከንድ ያህል ምረጡና «አናላይዝ» ከሚለው ሜኑ «ፕሎት ስፔክትረም»ን ጫኑ። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ተራራ ቁልቁለት ቀስ እያለ ከ22,000 ኸርዝ አልፎ ከወረደ ጥሩ ነው። 22,000 አካባቢ ሲደርስ እንደ ገደል ቁልቁል ከተቆረጠ ግን የገዛችሁት የሲዲ ቅጂ ተለጥጦ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ፈተና አይረባምና ሌላ ዘፈን ፈልጉ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሲዲን ከሲዲ ጋር እያወዳደረ ማምሸቱን አያውቅም።

2. ዘፈኑን በ3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ «ኤ» ብላችሁ አስቀምጡ። «ኢፌክት» ውስጥ «አምፕሊፋይ» የሚለውን ከፍታችሁ ከዜሮ በታች 3 ጻፉ፤ ከዚያ በፍላክ፣ 24 ቢት፣ 96,000 አድርጋችሁ ኤክስፖርት አድርጉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የዛሬ ዘፈኖች ጣሪያው ድረስ ተሞልተው ነው የሚቀረጹት። ፋይሉን ወደ ሌላ ልኬት ስትቀይሩ አንዳንድ ጫፎች ጣሪያውን አልፈው ሊቆረጡ ይችላሉ። የተቆረጠ ጫፍ ደግሞ ይሰማል፤ ጥፋቱ የመቀየሩ ሆኖ ሳለ በሲዲ ይላከካል።

3. ከ«ኤ» የሲዲ ልክ የሆነውን ቅጂ ሥሩ። መጀመሪያ በኦዳሲቲ ቅንብር ውስጥ «ኳሊቲ» የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ ከፍተኛውን የመቀየሪያ ጥራት ምረጡ፤ ዲዘሩንም «ሼፕድ» ላይ አድርጉ። ከዚያ «ኤ»ን ከፍታችሁ በ16 ቢት፣ 44,100 ኤክስፖርት አድርጉ። ዲዘር ማለት ቢት ሲቀነስ ሆን ተብሎ የሚጨመር እጅግ ደካማ ሽሽታ ነው። እሱ ከሌለ በጣም ደካማ የሆኑት ድምፆች እየተቆራረጡ ይሻክራሉ፤ እሱ ካለ ከሽሽታው ሥር ለስልሰው ይጠፋሉ።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚጠይቀኝ አለ፦ «መደርደሪያዬ ላይ የዚሁ አልበም ሲዲ አለኝ፤ ለምን ያንን አላወዳድርም?» አይሆንም። ለሲዲ የተዘጋጀው ማስተርና ለሃይ ሬዞሉሽን የተዘጋጀው ማስተር ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። አንዱ በጣም ተጨምቆ ይጮሃል፤ ሌላው ቤዙ ተነካክቶ ይሆናል። አንድ ደንበኛዬ የአንድን አልበም ሁለት ቅጂ አምጥቶ ሃይ ሬዞሉሽኑ «ይተነፍሳል» አለኝ። ስለካው ሲዲው አንድ ዴሲቤል ተኩል ያህል ጮክ ያለ፣ ጫፎቹም ሁሉ ተላጭተው ጠፍጣፋ የሆኑ ነበር። ጆሮው አልዋሸውም፤ የተሰማው ግን የማስተሩ ልዩነት ነው። የእሱን ሃይ ሬዞሉሽን በዚህ ደረጃ እንደጻፍኩት ወደ ሲዲ ልክ ቀይሬ ስሰጠው ያም «ተነፈሰ»።

4. የሲዲውን ቅጂ መልሳችሁ ወደ 24 ቢት፣ 96,000 ቀይሩና «ቢ» በሉት። አሁን ሁለት ፋይሎች አሏችሁ፦ «ኤ» ሙሉው፣ «ቢ» በሲዲ በር ያለፈው። ይህን የምናደርገው አብዛኞቹ ዳኮች ከ44,100 ወደ 96,000 ሲሸጋገሩ ለአፍታ ዝም ስለሚሉ ወይም ጠቅ የሚል ድምፅ ስለሚያሰሙ ነው፤ ያቺ ቅጽበት ብቻዋን መልሱን ታሳብቃለች። «ታዲያ ስንመልሰው የጠፋው አይመለስም?» ላላችሁኝ፦ አይመለስም። አንድ ሊትር ውሃ ሦስት ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ብትገለብጡት ያው አንድ ሊትር ነው።

5. ሁለቱን አጣፍታችሁ ተመልከቱ። «ኤ»ንና «ቢ»ን በኦዳሲቲ በአንድ ገጽ ላይ ክፈቱ፤ «ቢ»ን ብቻ መርጣችሁ «ኢፌክት» ውስጥ «ኢንቨርት» በሉትና ሁለቱን አንድ ላይ አጫውቱ። አንድ የሆነው ሁሉ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የሚቀረው ልዩነታቸው ብቻ ነው። በተለመደው የድምፅ ከፍታ መስማት ያለባችሁ ጸጥታ ነው። ከበሮው ወይም የዘፋኙ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ የሁለቱ ከፍታ ወይም መነሻ አልገጠመም፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ከሁሉም ደረጃዎች ይህን እወደዋለሁ። ሙሉ ባንድ ሲጫወት ሁለቱም መስመሮች በስክሪኑ ላይ ይዘላሉ፤ ሄድፎኑ ውስጥ ግን ምንም የለም። የከፈላችሁበት ልዩነት መጠኑ ስንት እንደሆነ ያኔ ታዩታላችሁ።

6. ዊንዶውስ በመሃል እንዳይገባ አድርጉ። ዊንዶውስ በተለመደው መንገድ ሲያጫውት የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ ደባልቆ ወደ አንድ ልኬት ይቀይራል፤ ያ ልኬት ብዙ ጊዜ 48,000 ነው። ያን ጊዜ የሃይ ሬዞሉሽኑ ትርፍ ዳኩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። በፉባር ቅንብር ውስጥ «አውትፑት» ሥር የመሣሪያችሁን ስም «ኤክስክሉሲቭ» ከሚል ቃል ጋር ታገኙታላችሁ፤ እሱን ምረጡ። ኢኳላይዘር፣ ቤዝ መጨመሪያ፣ የድምፅ ካርዱ «ማሻሻያ» ብሎ የሚያበራው ሁሉ ይጥፋ። የዘፈኖችን ከፍታ በራሱ የሚያስተካክለውን የፉባርን «ሪፕሌይጌን»ም አጥፉ።

7. ዕቃችሁ ራሱ ድምፅ እንደማይፈጥር አጣሩ። ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ደካማ ማጉያ ወይም ሄድፎን ውስጥ ሲገባ እርስ በርሱ ተጋጭቶ የሚሰማ ድምፅ ሊወልድ ይችላል። ያ ከሙዚቃው የመጣ አይደለም፤ የዕቃው ጥፋት ነው። በኦዳሲቲ ልኬቱን 96,000 አድርጋችሁ በ«ጀነሬት» ሜኑ ሁለት ድምፅ በሁለት መስመር ሥሩ፦ አንዱ 26,000፣ ሌላው 30,000 ኸርዝ፣ የሁለቱም አምፕሊቲዩድ 0.1። አንድ ላይ ኤክስፖርት አድርጋችሁ በፉባር አጫውቱ። ምንም መስማት የለባችሁም። ቀጭን ፉጨት ከተሰማችሁ ያ የሁለቱ ልዩነት የሆነው 4,000 ኸርዝ ነው፤ በዚያ ዕቃ የምታገኙት ውጤት አይታመንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ድምፅ ስታጫውቱ «አይሰማም» ብላችሁ ቮልዩሙን አትጨምሩ። ጆሮ ባይሰማውም ኃይሉ ዕቃው ውስጥ አለ፤ የስፒከርን ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ሊያቃጥል ይችላል።

8. ተለማመዱ፣ ከዚያ ፈተናውን ጀምሩ። በፉባር «ኤ»ንና «ቢ»ን አንድ ላይ መርጣችሁ በቀኝ ቁልፍ ጫኑ፤ «ዩቲሊቲስ» ውስጥ «ኤቢኤክስ ቱ ትራክስ» የሚል አለ። ፕሮግራሙ «ኤክስ» የሚባል ሦስተኛ ድምፅ ያቀርብላችኋል፤ እሱ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ የቱ እንደሆነ ዕጣ የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። የእናንተ ሥራ «ኤክስ ኤ ነው» ወይም «ኤክስ ቢ ነው» ማለት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ጊዜ እንደምትሞክሩ ወስኑ፤ 16 ይበቃል። ውጤቱ በየመሃሉ እንዳይታያችሁ ደብቁት። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው፦ ውጤቱን እያየ የሚሞክር ሰው ሲቀናው ያቆማል፣ ሲበላሽበት «አንድ ልድገም» ይላል፤ በዚህ አካሄድ ሳንቲም የሚወረውር ሰውም ያልፋል።

ሙሉ ዘፈን አታዳምጡ። ጆሮ የድምፅን ዝርዝር ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። አምስት ወይም አሥር ሰከንድ የምትሆን ቦታ ምረጡ፤ ለምሳሌ ሲምባሉ ተመትቶ እስኪጠፋ ድረስ። እሷን ከ«ኤ» ወደ «ቢ» ከዚያ ወደ «ኤክስ» እየተመላለሳችሁ ስሙ። በየአራት ሙከራው ሄድፎኑን አውልቁና ለሁለት ሦስት ደቂቃ ዕረፉ፤ የደከመ ጆሮ ይገምታል እንጂ አይሰማም።

9. ውጤቱን አንብቡ። ከ16 ሙከራ 8 ማግኘት ሳንቲም ከመወርወር አይለይም። 10 ወይም ከዚያ በላይ ሰምቶ ሳይሆን በዕድል ብቻ የሚያገኝ ሰው ከመቶ 23 ያህል ነው፤ ስለዚህ 10 አግኝታችሁ አትደሰቱ። 12 ወይም ከዚያ በላይ በዕድል የሚገኘው ከመቶ ወደ 4 ጊዜ ነው፤ 14 እና ከዚያ በላይ ከሺህ 2 ጊዜ። 12 ከደረሳችሁ በሌላ ቀን ሌላ 16 አድርጉ። ሁለቴ ከደገማችሁት በእርግጥ አንድ ነገር እየሰማችሁ ነው፤ ያ ነገር ሙዚቃው መሆኑን ለማረጋገጥ ደረጃ 5ንና 7ን እንደገና ሥሩ።

ካልደረሳችሁ ደግሞ ውጤቱ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ በዚህ ዘፈን፣ በዚህ ዕቃ፣ በእናንተ ጆሮ ልዩነቱ አልተሰማም። ብቻችሁን አይደላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባሳተሙት ሙከራ ሃይ ሬዞሉሽን ዲስክን በሲዲ ልክ አሳልፈው 554 ጊዜ ፈትነው ነበር፤ ትክክል የተመለሰው 276 ነው፤ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሬይስ የተባለ ተመራማሪ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲደምር ትክክል የተመለሰው ከመቶ 52 በጥቂቱ ከፍ ያለ ሆነ፤ አስቀድመው የተለማመዱት ሰዎች ውጤት ከዚህ የተሻለ ነበር። ደረጃ 8 ላይ «ተለማመዱ» ያልኩት ለዚህ ነው።

በሰው እርዳታ መፈተን

ማክ ላይ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» የሚለውን ከፍታችሁ ዳኩን 24 ቢት፣ 96,000 ላይ አድርጉ። ከዚያ አንድ ረዳት ከጀርባችሁ ይቀመጥ። በየሙከራው «ኤ»ን፣ «ቢ»ን ያሰማችኋል፤ ሳንቲም ወርውሮ አንዱን «ኤክስ» ብሎ ያሰማችኋል። እሱ የወጣውን፣ እናንተ መልሳችሁን በየወረቀታችሁ ትጽፋላችሁ፤ የምታመሳክሩት 16ቱ ሲያልቅ ነው።

ረዳቱ እንዳያሳብቅ ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ እህቴን ረዳት አድርጌ ከ16ቱ 14 አገኘሁ። ወረቀቶቹን ስናይ ሁለታችንም ደነገጥን። በኋላ ነገሩን ስናጤነው «ቢ» ከፎልደሩ ታች ስለነበረ እሱን ለመክፈት ቀስቱን ሁለቴ ትጫን ነበር፤ «ኤ»ን ለመክፈት አንዴ። ሄድፎኑ ክፍት ስለሆነ ያቺን ጠቅ ጠቅ ጆሮዬ ሳላውቀው ይዟት ኖሯል። ሁለቱን ፋይሎች እኩል ርቀት ላይ አስቀምጣ ስንደግመው 9 ሆነ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ድምፁን አለማስተካከል ከሁሉም የባሰው ነው። የዴሲቤል ሩብ ያህል የምታህል ጭማሪ «ጮኸ» አታሰኝም፤ «ጠራ»፣ «ሰፋ»፣ «ቀረበ» ታሰኛለች። ሁለቱ ፋይሎች ከ0.1 ዴሲቤል በላይ መለያየት የለባቸውም። በደረጃ 2 እና 3 እንደተጻፈው አንዱን ከሌላው ከሠራችሁት ይህ በራሱ ይገጥማል።

ከኦንላይን ማጫወቻ ጥራቱን ዝቅና ከፍ እያደረጉ ማወዳደርም አይሠራም። ዝቅተኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ እንደ ኤምፒ3 የተጨመቀ እንጂ ሲዲ አይደለም፤ የድምፁም ከፍታ ሊለያይ ይችላል።

አይፎን ላይ ከኃይል መሙያው ቀዳዳ ወደ ሄድፎን የምትሸጋገረው ትንሽዋ የላይትኒንግ ማገናኛ ከ24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ አታልፍም። በእሷ 96 ኪሎኸርዝን መፈተን አይቻልም።

ዘፈኑ እየደበዘዘ ሲያልቅ ቮልዩሙን እስከ ጥግ ከፍቶ «የሲዲው ሽሽታ ተሰማኝ» የሚልም አለ። እውነት ነው፣ እንዲያ ሲደረግ ይሰማል፤ ግን እንዲያ አድርጎ ሙዚቃ የሚያዳምጥ የለም። በጣም ጸጥ ያለ ክፍል ራሱ 30 ዴሲቤል ያህል ድምፅ አለው። የ16 ቢት ሽሽታ ከዚያ በላይ እንዲሰማ የዘፈኑ ጫፍ 126 ዴሲቤል ገደማ መድረስ አለበት፤ ያ ጆሮ የሚጎዳ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ መንገድ እየሞከራችሁ ሳለ ቀጣዩ ዘፈን ቢጀምር ጆሯችሁን ሊጎዳው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በደህና የሚያስቀምጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። ፈተናውን ሁልጊዜ በምታዳምጡበት የተለመደ ከፍታ አድርጉ።

ከውጤቱ በኋላ

ካልሰማችሁት የሲዲ ልክ ፍላክ ግዙ፤ ኢንተርኔታችሁን በፓኬጅ ከሆነ የምትገዙት ደግሞ ሒሳቡ ቀላል አይደለም። ሳይጨመቅ የአንድ ሰዓት አልበም በሲዲ ልክ 635 ሜጋባይት ነው፤ በ24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ 2 ጊጋባይት ከፍ ይላል፤ በ192 ኪሎኸርዝ ከ4 ጊጋባይት ያልፋል። ፍላክ ይቀንሰዋል፤ ግን ሰፊው ልዩነት አይጠፋም። ሃይ ሬዞሉሽን የሚባለው ቅጂ ማስተሩ የተሻለ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ግዙት፤ በደረጃ 3 መንገድ ወደ ሲዲ ልክ ቀይራችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ካሴት የምትገለብጡ

24 ቢት በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ለማዳመጥ ሳይሆን ለሥራ። በ24 ቢት ስትቀዱ ጫፉን ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጋችሁ በደህና መቅዳት ትችላላችሁ፤ ዘፋኙ ድንገት ቢጮህም አይቆረጥባችሁም፤ በኋላ ከፍ ስታደርጉትም ሽሽታ አይጨምርባችሁም። ሽሽታውን ካጸዳችሁና ድምፁን ካስተካከላችሁ በኋላ በ16 ቢት፣ 44,100 አስቀምጡት። የካሴት የራሱ ሽሽታ ከ16 ቢት ወለል እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ በዚህ የምታጡት ነገር የለም።

የድምፅ ልዩነት የምታገኙት ከፎርማቱ በፊት ቴፑ ላይ ነው። ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት፤ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ ቀይሩት። ከዚያ ካሴቱን አጫውታችሁ፣ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ በጣም በቀስታ ወዲያና ወዲህ አዙሯት። ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ አድርጋችሁ በሞኖ ስሙ። ታፍኖ የነበረው የጸናጽል ድምፅ ጥርት ብሎ የሚወጣበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ላይ አቁሙና ቅጂውን ጀምሩ፤ ሌላ ካሴት ስታስገቡ እንደገና ፈልጉት፣ እያንዳንዱ ካሴት በተቀዳበት ቴፕ ሄድ ልክ ይለያያልና።